ጠዋት 3 ሰዓት፦ ወሎ ደጋ ላይ ጣቢያ ለተመደበው ልጅ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ “ዘንድሮ በሚቲዎሮሎጂ ተመርቄ ደቡብ ወሎ፣ ደጋ ላይ ያለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ተመደብኩ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው አሉኝ። ያደግኩት ሀዋሳ ነው። የቀን ተቀን ሥራው ምን ይመስላል? ብርዱስ ያስኖራል? ደግሞ አሁን ሁሉ ነገር አውቶማቲክ ሆኖ ሳለ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።”

አብሽር ወንድሜ፣ ያስኖራል። እኔ ከደሴ በላይ ባለ አንድ የደጋ ጣቢያ 9 ዓመት ኦብዘርቨር ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ ወርጃለሁ። ግን እስከ ዛሬ ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እግሬ ብድግ ይላል።

መጀመሪያ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለችውን ሥዕል እናስተካክላት። ተራራ ላይ ያለ ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በረዶ የከበባት፣ ጢሙን ያሳደገ ሰውዬ ብቻውን የሚያፏጭባት ቤት ናት። እንደዚያ ያለም አለ። ኦስትሪያ ውስጥ ሶንብሊክ የሚባል ተራራ አናት ላይ፣ 3,106 ሜትር ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ የአየር ሁኔታ ይመዘገባል፤ ዙሪያው የበረዶ ግግር ነው፣ ሰውም ዕቃም የሚወጣው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ሳጥን ነው። እኛ ጋ በዚያው ከፍታ ገብስ ይዘራል። ባቄላ ይዘራል፣ በግ ይረባል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ገበያ ይቆማል። ጉጉፍቱ የሚባለውን የወሎ ደጋ በመኪና ያለፈ ሰው የምለውን ያውቃል። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ነው እንጂ ከፍታው ያው ነው። በርግጥ ወሎ ውስጥ ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ተራራም አለልህ፤ ላሊበላ አጠገብ አቡነ ዮሴፍ። የኛ ጣቢያ ግን ሰውና እርሻ ባለበት ነው የሚተከለው። ስለዚህ ብቸኝነትን ተወው። እንግዳ የሚበዛበት ግቢ ነው የሚጠብቅህ፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ።

ወደ ሥራው ልምጣ። ጣቢያ ደረጃ አለው፦ ዝናብ ብቻ የሚለካ፣ ዝናብና ሙቀት የሚለካ፣ ነፋስም ፀሐይም ትነትም የአፈር ሙቀትም የሚጨምር፣ ከዚያ ደግሞ በየ3 ሰዓቱ እየለካ ወዲያው የሚያስተላልፍ፣ ሲኖፕቲክ የምንለው። የትኛውም ቢደርስህ ጠዋት 3 ሰዓት አይቀርልህም። የዓለም ጣቢያ ሁሉ የሚናበበው በግሪንዊች ሰዓት ነው። የግሪንዊች 6 ሰዓት የኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የግሪንዊች 12 የኛ 9 ሰዓት። ሦስት ቀንስ፣ አለቀ። በሀበሻ ሰዓት ብንቆጥርም በፈረንጅ ሰዓት ብንቆጥርም ከግሪንዊች እኩል ሦስት መራቃችን ሁሌ ያስቀኛል።

ለ3 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግቢው ውስጥ ነህ። በአራት እግር የቆመች፣ ነጭ የተቀባች፣ ጎኗ አየር እንዲያሳልፍ ፀሐይ እንዳያስገባ በተጋደመ ጣውላ የተሠራች ሳጥን አለች። ስቲቨንሰን ስክሪን ትባላለች። እኛ መንደር ግን “የንብ ቀፎ” ነበር የሚሏት፤ አንድ ልጅ ማር መቼ እንደምንቆርጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቆኛል። በሯን ስትከፍት ትንፋሽህን ዋጥ አድርግ። ቀልዴን አይደለም፣ በዚያ ብርድ የሰው ትንፋሽ ቴርሞሜትር ያንቀሳቅሳል። መጀመሪያ ደረቁን ቴርሞሜትር፣ ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለበትን፣ እርጥቡን ታነባለህ። ዓይንህ ከፈሳሹ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን፣ ከላይ ወይ ከታች ካየኸው ይዋሽሃል። ከነጥብ በኋላ ያለችውን ቁጥር አስቀድመህ ያዝ። አጠገቡ በቆምክ ቁጥር ቶሎ የምትሸሸው እሷ ናት፣ ሙሉ ዲግሪው ይጠብቅሃል።

ከዚያ ጋደም ብሎ የተቀመጠ፣ አልኮል ያለበት፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር አለ። ውስጡ እንደ መርፌ የቀጠነች ጥቁር ነገር ታያለህ። ብርዱ ሲበረታ አልኮሉ እየጎተተ ወደ ኋላ ይወስዳታል፣ ሲሞቅ ጥሏት ይሄዳል። በቃ እዚያው የሌሊቱ መጨረሻ ላይ ቀርታ ትጠብቅሃለች። የምታነበው አልኮሉ ከተጠራቀመበት ቋት ራቅ ያለውን ጫፏን ነው። ይሄን ገልብጦ ያነበበ ስንቱን አይቻለሁ፣ ስንት ወር ሙሉ! አንብበህ ስታበቃ አዘንብለህ ወደ አልኮሉ ጫፍ መልሳት፤ ካልመለስካት ነገ የምታነበው የዛሬውን ነው።

እርጥቡ ቴርሞሜትር ላይ የምትጠቀለለው ስስ ጨርቅ ታኅሣሥና ጥር ላይ ታስቸግርሃለች። ትጋግራለች። ቀደም ብለህ ወጥተህ ውሃ ታስነካትና በረዶዋ ስስ ሆኖ እስኪይዝ ትታገሳለህ። የኩበት ጭስም ያጠቁራታል፣ እየቆጠርክ ቀይራት። የተጣራ ውሃ ሲያልቅብህ ከቧንቧ አትቅዳ፣ ክረምት ላይ በንጹህ ዕቃ ያጠራቀምከው የዝናብ ውሃ ይሻላል።

አሁን ዝናቡ። ወሎ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ይሄን ለገበሬ ስትነግረው ወዲያው ይገባዋል፣ በጀሪካን ያባዛልሃል። መለኪያው ሰፊ አፍ ያለው ጣሳ ነው፣ ከነራሱ ብርጭቆ። ከነራሱ የሚለውን አስምርበት። ብርጭቆው የተሰመረው ለዚያ ጣሳ አፍ ስፋት ነው፣ የሌላ ጣሳ ብርጭቆ ካመጣህ ዝናቡን ታበዛዋለህ ወይ ታሳንሰዋለህ። የመጀመሪያው ሐምሌዬ ላይ እጄ ደንዝዞ ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ ለቀቅኩት። ተተኪ ተላከልኝ፣ ስፈትሸው ለሌላ ዓይነት ጣሳ የተሠራ። ምን ላድርግ? የኛ ጣሳ አፍ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ስለዚህ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ደሴ ወርጄ ፋርማሲ ገባሁና 20 የሚይዝ ሲሪንጅ ገዛሁ። “ለከብት ነው?” አለችኝ ልጅቷ። ለዝናብ ነው ስላት ሳቀች፣ ያላገጥኩባት መስሏት ነው። 3 ሳምንት ዝናብ በመርፌ ለካሁ። አንድ ጠዋት 38 ጊዜ ሳብኩ፣ አሥር ሲሞላ ጠጠር እያስቀመጥኩ።

በረዶ ሲወርድ ደግሞ ጣሳው በነጭ ጠጠር ይሞላል። እንዳይተን ክደነውና ቤት አስገብተህ አቅልጠው። ከቸኮልክ በብርጭቆው የለካኸውን ሙቅ ውሃ ጨምርበትና በኋላ ከጠቅላላው ቀንሰው። እሳት ላይ አትጣደው። (ጥዶ ያቃጠለ አለ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም።)

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብርድ ስትል የጠየቅከኝ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። መዝገቡ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር አለ። ዜሮ አለ፦ ወጥቼ አየሁ፣ አልዘነበም። ምልክት የሚደረግበት አለ፦ ከ0.1 በታች ነው፣ ጣሳውን አርሶታል ግን አይለካም። ባዶ ደግሞ አለ፦ አላየሁም። ባዶውን ዜሮ ያደረገ ሰው ያላየውን አየሁ ብሏል። ወር መጨረሻ ላይ ሲደመር ዝናቡ ያንሳል፣ ዓመት ሲደመር ድርቅ ይመስላል፤ በግምት የሞላው ደግሞ የእውነት ድርቅ መጥቶ ሳለ ይሸፍነዋል። ወሎ ይሄን በራሱ ያየ አገር ነው። በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፣ ቀጥሎ ክረምቱም ከዳ፣ ከዚያ ሰባ ሰባት የምንለው መጣ። ደላንታና ዋድላ ያለ የደጋ ገበሬ ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚወርደው በልግ ገብሱን የሚያገኝ ነው፤ ያንተ የመጋቢት ገጽ ላይ ያለችው ቁጥር ስለ እሱ መሶብ ነው የምታወራው።

ስመክርህ ንጹህ ነኝ ብዬ አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ጉሙ በር ድረስ መጥቷል፣ እኔ ባና (ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ) ውስጥ ነኝ፣ ሌሊቱን የሰማሁት ካፊያ ብቻ ነው። ተኝቼ 4.2 ብዬ ጻፍኩ። ነጥቧን እንኳን አልረሳሁም፣ እውነት እንድትመስል! ቁርስ አልወረደልኝም። 5 ሰዓት ላይ ወጥቼ ስለካው 31.6። እኔ ከተኛሁ በኋላ ዶፍ ወርዶ ነበር ማለት ነው። 4.2ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ ከላይዋ 31.6 ጻፍኩ፣ ከጎኑ “በ5 ሰዓት የተነበበ” አልኩ። ማጥፊያ አትጠቀም፣ በነጭ ቀለም አትደፍን። ስህተትህ ይታይ። ደግሞ ታች ቁጥር የሚያጣራው ሰው ሞኝ አይደለም። ከአልጋ የተጻፈ ቁጥር ይታወቃል፤ መጨረሻዋ አኃዝ አሁንም አሁንም ዜሮና አምስት ትሆናለች፣ ሙቀቱም እንደ ደረጃ ቀስ እያለ ይወጣል ይወርዳል። ተፈጥሮ እንደዚያ ሥርዓት የላትም።

ስለ ብርዱ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፣ ራስህ አስላው። አየሩም ይሳሳል። እዚያ ላይ የምታነበው የአየር ግፊት ወደ 700 ሄክቶፓስካል ነው፣ ባሕር ጠለል ላይ 1,013 አካባቢ የሚሆነው። የመጀመሪያው ሳምንት ራስህን ያምሃል፣ ግቢውን ዞረህ ስትመለስ ታለከልካለህ፣ ያልፋል። ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ ክክ አይበስልልህም፤ እኔ እስክለምደው ያከራዩኝን እትዬ በእንጨታቸው እረግም ነበር። እንጨቱ ምንም አላጠፋም። ሽሮ፣ በሶ፣ የገብስ ቂጣ፣ ሌሊት ደግሞ ቆሎ። ቀን ፀሐይዋ ፊትህን ትልጥሃለች፣ ጥላ ስትገባ ጃኬት ትፈልጋለህ። ሌሊት ባና ነው፣ ብርድ ልብስ ይዤ እሄዳለሁ ካልክ ሁለት ያዝ።

ውርጭን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዩኒቨርሲቲ ቢያስተምሩህም ሜዳው ላይ ስታየው ሌላ ነው። ኅዳር ላይ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሼህ ጠዋት በሩ ላይ ቆሙ፣ እጃቸው ላይ የጠቆረ የባቄላ ቅጠል ይዘዋል። “አንተ ልጅ፣ ሌሊት ስንት ሆነ?”

“2.8 ነው ሼህ። ከዜሮ በላይ።”

“ታዲያ ይሄን ምን መታው?”

አልኮሉን አሳየኋቸው፣ በርኖሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና አዩት። ከዚያ ሳጥኗን፣ ከዚያ መሬቱን፣ ከዚያ እኔን። “ይሄ የተሰቀለው እደረቴ ላይ ነው። ባቄላው መሬት ላይ ነው። የምትለካው ለወፍ ነው እንዴ?”

አፈርኩ። ልክ ናቸው። ሰማዩ ጥርት ባለ፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቅና ከአየሩ ቀድማ ትበርዳለች። ሣር ላይ ያለው ሙቀት ሳጥኗ ውስጥ ካለው በብዙ ሊያንስ ይችላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ እንደ ውሃ ተንሸራቶ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ የሼሁ ማሳ ደግሞ ከጣቢያው በታች እረባዳው ላይ ነው። በማግስቱ ማታ ትርፍ ቴርሞሜትር ወስደን ማሳቸው ዳር ሣር ላይ አጋደምነው። ጠዋት ከዜሮ በታች 3.1። ሳጥኗ ውስጥ 2.4። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ አምድ ላይ “መሬት ላይ ውርጭ ታይቷል” ብዬ የማልጽፍበት ጠዋት አልነበረም፣ ካለ። ሼሁም ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ በአጥሩ በኩል “ዛሬስ? የወፉን ሳይሆን የኛን?” ይሉኝ ነበር።

አውቶማቲክ ስላልከው። አለ፣ ጥሩም ነው። ፀሐይ የሚመገብ ባትሪ፣ ሲም ካርድ፣ አንተ ስትተኛ እሱ ይቆጥራል። ከሱ ጋር አትጣላ። ግን ዝናብ የሚለካው በትንሽ ማንኪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ እየተገለበጠ፤ ሸረሪት ካደራበት ወይ ወፍ ከጸዳዳበት ክረምቱን ሙሉ ዜሮ ይልክልሃል፣ እሱ እንኳን ባዶና ዜሮን አይለይም። ዶፍ ሲወርድም ማንኪያዋ ስትገለበጥ የሚያመልጣት አለ። ጉም ሳምንት ሙሉ ሲተኛ ባትሪው ይደክማል። ደመናውን ዓይነቱን አይለይልህም፤ ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍለህ ስንቱ እንደተሸፈነ የምትናገረው አንተ ነህ። ምሥራቁ ገደል ጫፍ ላይ ስትቆም ደግሞ ደመናው እግርህ ሥር ይሆናል። ከአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ግድግዳውን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆንና ሸለቆውን ሞልቶት ታገኘዋለህ፣ አንተ ፀሐይ ላይ ነህ፣ ታች ያለው ሰው ብርሃን አላየም። ከጣቢያህ በታች ያለ ደመና ለብቻው ነው የሚመዘገበው፣ መመሪያው ላይ አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መንደሩ “ዛሬ ይዘንባል?” ይልሃል። ትንበያ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ንገራቸው። አያምኑህም። እኔ ጋ አንድ ሰሞን ዝናቡ ሲዘገይ ነፋስ መለኪያው እየተሽከረከረ ደመናውን ይበትናል የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ ሼሁ ናቸው ያበረዱልኝ፣ “እሱ የሚቆጥር እንጂ የሚልክ አይደለም” ብለው። የሽማግሌዎቹን ምልክት ደግሞ አትናቅ። በልግ ሲደርስ ነፋሱ ከምሥራቅ መዞሩን ነው የሚጠብቁት፣ እርጥበቱም በዚያን ወቅት የሚመጣው ከዚያው፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር በኩል ነው።

መብረቅ ላይ አጭር ልሁን፦ ነጎድጓድ እየሰማህ ወደ ግቢው አትውጣ። የመጨረሻውን ካሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ሰዓቱ ካለፈ ያለፈበትን ሰዓት ጻፍ። ባዶ መተውም ነውር አይደለም።

ሁለት ከሆናችሁ በዓል ተቀያየሩ። እኔና ባልደረባዬ ፋሲካን እሱ፣ ዒድን እኔ እየሸፈንን ስንት ዓመት ተስማምተን ኖርን፤ የተጣላነው ፋሲካና ዒድ በአንድ ሳምንት ልዩነት የመጡ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለታችንም ቤተሰብ ጋ ለሁለት ሳምንት መሄድ ፈልገን። በዕጣ ጨረስነው። ተሸነፍኩ። የሱ እናት ግን የዒዱን ሥጋ በአይሱዙ ልከውልኝ፣ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ በረዶ ሆኖ ደረሰ።

ስትመጣ የምትይዘው፦ ሁለት ካልሲ ደርቦ የሚያስገባ ጫማ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት (ባለ ሙሉ ጣቱ እርሳስ አያስይዝም)፣ እርሳስ ራሱ፣ ምክንያቱም እስክሪብቶ በዚያ ብርድ አይጽፍም፣ በእጅ የምትያዝ ባትሪ፣ የከንፈር ቅባት። ባናውን እዚያው ገበያ ታገኘዋለህ፣ በርካሽ። ሲሪንጁን ግን ከደሴ ያዝ፣ 20 የሚለውን። ለከብት ነው ወይ ካለችህ አዎ በላት።